ለአስካለ ስኳር ያለበስኩት ኮክ

ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ፣ ጉልቻ ሥር ተንበርክኮ፣ ስኳር ሲለማመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ዛሬ እኔን እዩኝ። ብትስቁም ግድ የለኝም። እኔም አሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን እንኳን ልስቅ፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ በፊት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ቆይቷል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በበቅሎና በግመል ዳገቱን እየወጣ ፈረስ መጋላ በሚባለው ገበያ ሱቆች ውስጥ ይደረደራል። ስሜ ታደሰ ነው። አባቴ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ሐረር ገብቶ የቀረ ወታደር ነበር፤ እኔ ደግሞ የሸዋ በር ዘበኛ ሆንኩ። የጀጎል ግንብ በር ማታ ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፈታል፤ በመሃሉ ያለው ሥራ ደረትን ነፍቶ መቆም ነው። እኔ የተነፋ ደረቴን ቤትም ይዤው እገባ ነበር። እናቴ "ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት" እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ውሃ ሲጠማኝ እንስራው አጠገቤ ተቀምጦ እንኳ "አስካለ!" ብዬ እጣራለሁ።

አስካለ ሚስቴ ናት። በአንድ ደጅ አፈር ፈጭተን ያደግን ስለሆንን፣ የሌላው ሚስት ባሏን አንቱ ስትል እሷ አንተ ነበር የምትለኝ። ተረበኛ ናት። ሰፈሩን ሁሉ በሳቅ የምትጨርስ ሴት ነበረች። ከተጋባን በኋላ ግን ፀነሰችና ወረደባት፤ እንደገና ፀነሰች፤ እሱም ወረደባት። ከሁለተኛው በኋላ ጨዋታዋ ሁሉ ቀረ። እኔስ? እኔማ ወንድ ነኝ፣ ጠመንጃዬን አንግቼ ወደ በር ጥበቃዬ ሄድኩ። ምን ልበላት? አንድ ቀን "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳሁትም። እሷም አላነሳችውም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ሦስተኛውን ፀነሰች። ሆዷ ገፋ ብሎ ከቀሚሷ በላይ መታየት ሲጀምር ሐምሌ ገባ፤ ያኔ ነው ምግብ የሚባል ነገር እምቢ ያለችው። መጀመሪያ የበላችውን ታስመልስ ነበር። ኋላ ግን ማስመለሱም ቀረና አፏን መክፈት ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ጉንጯ ሟሸሸ፤ ክንዷ ከመቅጠኑ የተነሳ አምባሯ እየወለቀ አስቸገረ።

አማቴ እማማ ተዋበች ነገሩን ሰምተው ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ካለው ቤታቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። የአጃ አጥሚት ሠሩ፤ ገንፎ ገነፉ፤ ተልባ በጠበጡ። ሁሉም እንደ ቀረበ ይመለሳል።

"ልጄ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ። ለኔ ስትይ።"

"አልችልም እማዬ።"

"እሺ ምን አማረሽ? ንገሪኝ እንጂ!"

"ምንም።"

የአገራችሁን ልማድ የማውቅ ከሆነ፣ እናንተም ዘንድ ይኸው ነው፦ እርጉዝ ሴት ያማራትን ካጣች ፅንሱ አይረጋም ይባላል። እኛ ሰፈር ወጥ ሲወጠወጥ እርጉዝ በደጅ ካለፈች፣ የማያውቋትም ብትሆን ሮጠው ያጎርሷታል። አማቴ ታዲያ ጠዋትና ማታ "ምን አማረሽ?" ይሏታል፤ እሷም "ምንም" ትላለች። ምንም የማያምራት እርጉዝ ደግሞ ከሁሉም የከፋች ናት።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል አማቴ ደጅ ድረስ ተከትለውኝ ወጡ። አማቴ እኔን እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ ዓይኔንም ደፍረው አያዩም፣ ወጉ ነው። ያን ዕለት ግን ክንዴን ያዙኝ።

"ልንገርዎት ታደሰ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብዙ አራስ አርሻለሁ፣ ብዙ እርጉዝ አይቻለሁ። በዚህ ከቀጠለች ልጁ ብቻ አይደለም የሚሄደው። እሷም ትሄዳለች።"

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔው ራሴ ጠየቅኋት።

"አስኩ፣ ምን ላምጣልሽ? ምን ይሻልሻል?"

ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር "ፖም" አለች።

"ምን አለች?" አሉ አማቴ።

"ፖም። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ያየነውን። እንጨት ላይ የተሰካውን፣ ቀዩን፣ ስኳር የለበሰውን።"

ወዲያው ትዝ አለኝ። ወንድሟን ልንሸኝ የወረድን ጊዜ አንዲት የፈረንጅ ልጅ፣ እናቷን ተደግፋ፣ ከእንጨት ጫፍ ላይ የተሰካ ቀይ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ስትነክስ አይተናል። ስትነክሰው ቀጭ የሚለው እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። አስካለ ዓይኗን ተክላ አይታት ነበር። አንድ ጣቢያ ጠባቂ "ፖም ነው፣ ስኳር አልብሰውት ነው" ብሎ አስረዳን።

"እሰይ!" አልኩ። ሰው አማረኝ ብሎ ስም ጠራ ማለት እኮ ነው! አማቴ ግን ራሳቸውን ያዙ። "ኧረ የፈረንጅ ፍሬ በዚህ ዝናብ ከየት ይመጣል?"

የሚተካኝ ሰው ለምኜ ወደ ፈረስ መጋላ በረርኩ። ግሪኩ ባለሱቅ ጥያቄዬን ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። ፖም የለም፤ ድሬዳዋም በዚህ ወራት አይገኝም፤ ጅቡቲም መኖሩን እንጃ አለኝ። ያለው ስኳር ነው። ያን ጊዜ ስኳር በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ሾሎ፣ ድንጋይ ሆኖ ነበር የሚመጣው። አንዱን ገዝቼ በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ። ለምን እንደ ገዛሁት እንኳ አላውቅም፤ ባዶ እጄን መመለስ ፈርቼ ይሆናል።

በጊደር መጋላ በኩል ሳልፍ አንዲት የገጠር ሴት ኮክ በቅርጫት ይዛ ተቀምጣለች። ቆምኩ። ኮኩን አንስቼ አገላበጥኩት። ክብ ነው። ጠንከር ያለ ነው። ጉንጩ ቀላ ብሏል። ከፖም ምን ይለየዋል? "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ይላሉ፤ እርጉዟን አስቀድሞ ያገባ ሰው ሲቸግረው ደግሞ ኮክ ይገዛል። እንጨቱንም እዚያው አገኘሁት፤ የጥርስ መፋቂያ ከሚሸጥ ሰውዬ አንድ እስር የወይራ መፋቂያ ወሰድኩ።

ቤት ስደርስ አማቴ ዕቃዬን አዩና ግራ ገባቸው።

"ማን ሊሠራው ነው? እኔ እንኳን ስኳር ላለብስ፣ ስኳር የቀመስኩትም ትናንት ነው።"

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

"ማን?"

"እኔ።"

"እርስዎ? ማጀት?" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ኧረ በስመ አብ! ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ሴት ቢጠፋ ነው ወንድ ማጀት የገባ አይሉም?"

እሳቸው ከአስካለ ራስጌ መነሳት አይችሉም፤ ሌላ ሰው የለም። ማጀታችን ከአልጋዋ የሚለየው በአንድ ጭቃ በተመረገ ስስ ግድግዳ ነው። ገባሁ። ጉድ በል ያገሬ ሰው!

ስኳሩን የምሰብርበት መዶሻ አጣሁ፤ በጠመንጃዬ ሰደፍ አደቀቅሁት። ድስቱን ጣድኩ፣ ስኳሩን ጨመርኩ፣ ውሃ አፈሰስኩበት። ማብሰል አላውቅም፤ ግን ገንፎ ሲገነፋ አይቻለሁ። ገንፎ ካላማሰሉት ይጓጉላል፤ ጎበዝ ሴት የምትታወቀውም በክንዷ ነው። ስለዚህ ማማሰያውን ጨበጥኩና ማማሰል! ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ወዲያና ወዲህ አማሰልኩት። መጀመሪያ ጥርት ብሎ ቀለጠ። ደስ አለኝ። ይበልጥ አማሰልኩ። ድንገት ነጣ፤ ደመና መሰለ፤ ዓይኔ እያየ ድስቱ ሙሉ አሸዋ ሆኖ ቁጭ አለ።

ያም ሆኖ ኮኩን እንጨት ላይ ልሰካ ሞከርኩ። ኮክ ደግሞ ፍሬው ድንጋይ ነው፤ እንጨቱ መሃሉን ሲነካ ይቆማል። እንደ ምንም አንጠልጥዬ ድስቱ ውስጥ ስነክረው ከእንጨቱ ወልቆ ገባ። በጣቴ ላወጣው ስል የጋለው ስኳር ተጣበቀብኝ። ስኳር እንደ ውሃ አይደለም፣ ቢያራግፉት አይራገፍም። ጮህኩ።

"ምን ሆኑ?" አሉ አማቴ ከወዲያ።

"ምንም!"

ሁለተኛውን ጣድኩ። አሁን ደግሞ ማማሰሉን ፈርቼ እሳቱን አበዛሁበት፤ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ሳላውቅ ጠቆረ፤ ጢሱ ማጀቱን ሞላው፣ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ወደ አልጋው ገባ። አስካለ ስትስል ሰማኋት። አማቴ እየሮጡ መጡና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርስዎነት አወረዱኝ።

"አንተ! በቁሟ ልታጥናት ነው? ልጄን ልትገድልብኝ ነው?"

ከስኳሩ የቀረው ከግማሽ ያነሰ ነው። ጣቴ ተቃጥሏል። ፊቴ ጥላሸት ነው። ደጁን ከፍቼ ጢሱን ላስወጣ ስሞክር ከአጥር ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ሱብሓነላህ! አንተ ታደሰ፣ ቤትህ ምን ነደደ?"

አይ ፋጡማ ናቸው፣ ጎረቤታችን። "አይ" በሐረሪዎቹ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። የጀጎል ሰርግ ያለ እሳቸው የሐለዋ ጣፋጭ አይደገስም። በሁለታችን ግቢ መካከል ባለችው ጠባብ መሹለኪያ ገብተው መጡና ድስቱን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀጥሎ አሸዋውን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ፤ ደፉ ላይ ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሳቁ።

"ወላሂ ስኳር እንደ ገንፎ ያማሰለ ሰው ዛሬ አየሁ!"

"ለአስካለ ነው" አልኩ።

ሳቃቸውን አቆሙ። "ዛሬም አልበላችም?"

"አልበላችም። ይህ ነው ያማራት።"

"ልጁስ? ይንቀሳቀሳል?"

አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅ። ወደ አማቴ ዞርኩ፤ አማቴ መሬት መሬት እያዩ "ከትናንት ወዲህ አልተንቀሳቀሰም ትላለች" አሉ።

አይ ፋጡማ ብድግ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሲመለሱ የመዳብ ድስት፣ ሎሚ፣ የሰሊጥ ዘይትና አንድ ጭብጥ የደረቀ ቀይ የከርከዴ አበባ ይዘዋል። አማቴ ድስቱን በጎሪጥ አዩት። የእስላም ድስት ነዋ! ሥጋ ነክቶት ይሆናል ብለው ነው።

"እሜት ተዋበች" አሉ አይ ፋጡማ፣ ገባቸው፣ "ይህ ድስት ከስኳርና ከቅቤ ሌላ አያውቅም። ሥጋ የሚባል አልደረሰበትም።"

አማቴ ትንሽ አሰቡ። "ይሁን እስቲ፣ እሳት ካየው ምን ለየው" አሉና ወደ ልጃቸው ተመለሱ። ለእማማ ተዋበች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

"እርስዎ ይሥሩት አይ ፋጡማ" ብዬ ማማሰያውን ሰጠኋቸው።

"ዓይኔ ጢስ አይችልም፤ አሁን አሁን ሐለዋውንም ልጆቼ ናቸው የሚሠሩት። እኔ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ አንተ ትሠራለህ። ማማሰያውን ግን አምጣው ወዲህ።" ተቀበሉኝና ከኋላቸው ደበቁት።

በውሃ ፋንታ የከርከዴውን ቀይ ውሃ ጨመርኩ፤ ስኳሩን፤ ሎሚውን ጠብ ጠብ አደረግሁበት። እሳቱን አሳነስኩ። ስኳሩ ከቀለጠ በኋላ አይ ፋጡማ "እጅህን ሰብስብ" አሉኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም። ዝም ብለህ ታየዋለህ።"

እናንተዬ! ምንም አለማድረግን የመሰለ ከባድ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ስኳሩ ይንፈቀፈቃል፤ እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ እጄን እጄ ላይ አድርጌ አያለሁ። እጄ ሳያስበው ወደ ድስቱ ይሄዳል፤ አይ ፋጡማ በጭራሮ ይመቱታል። "ተው! ከነካኸው ይከዳሃል።" ከዚያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። ምን ላድርግ? እጄ ሲታሰር አፌ ተከፈተ። ስኳሩን ማነጋገር ጀመርኩ።

"አንተ ስኳር፣ በማርያም ይዤሃለሁ። እኔ ላይ ቀልድ፣ እሷ ላይ አትቀልድ። ሁለቱ ሄደውብናል። ሁለቱን ቀብሬ ወደ በር ሄጃለሁ፣ ወንድ ነኝ ብዬ። ሦስተኛውን አልችልም። እሷንማ ካጣሁ... በል እንግዲህ፣ ርጋልኝ። ልለምንህ፣ ርጋልኝ..."

ጢሱ ነው ብዬ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አይ ፋጡማ ቀስ ብለው "ዱዓ ነው፣ ቀጥል" አሉኝ። ከግድግዳው ወዲያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ጢሱ መልሶ አመማት አልኩ፤ ብቻ ድስቱን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።

"አሁን ጠብ አድርግ" አሉኝ አይ ፋጡማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ አቅርበው። ጠብ አደረግሁ። በጣቴ ስይዘው እንደ ሰም ተለመጠ። "ገና ነው።" ጠበቅን። እንደገና ጠብ አደረግሁ። አሁን ውሃው ውስጥ ጠጠር ሆኖ ወረደ፤ ስነክሰው ቀጭ አለ። ያ ድምፅ! የድሬዳዋው ድምፅ!

"ቢስሚላህ፣ አውርደው!"

ኮኮቹን ቀድሜ ጸጉራቸው እስኪጠፋ በጨርቅ አሽቻቸው ነበር፤ መፋቂያውንም አይ ፋጡማ ከድንጋዩ ፍሬ ጎን ሰክተው እንዴት እንደሚይዝ አሳይተውኛል። ነከርኩት። አዞርኩት። አወጣሁት። ቀይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ፣ ፊቴን በውስጡ እስካይ ድረስ አበራ። በሰሊጥ ዘይት በታሸ ትሪ ላይ አቆምኩት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ስኳሩ እስኪያልቅ ድረስ ደረደርኳቸው። አይ ፋጡማ "ማሻአላህ" አሉ፤ እኔ ትሪውን አንስቼ ወደ አልጋው ሮጥኩ።

አማቴ በመኝታዋ መግቢያ ላይ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አቆሙኝ።

"ተኝታለች።"

"ይቀስቅሷት!"

"እንቅልፍ በዓይኗ ከዞረ ስንት ጊዜው ነው! አሁን ገና ሸለብ አደረጋት። አልቀሰቅስም።"

አይ ፋጡማ ከኋላዬ ሆነው "ይህ ነገር በክረምት አይጠብቅም" አሉ። "አየሩ እርጥብ ነው። ያልበዋል፣ ከዚያ ይቀልጣል።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ወደ ፊት አማቴ፣ ወደ ኋላ ሐምሌ። ትሪውን ይዤ መሃል ቆምኩ። ስኳሩ የለም፤ ሌላ መሥራት አይቻልም። ኮኮቹን በእሳት ማራገቢያው አራግብላቸው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ላይ ወዝ አየሁ። ቆየና ወዙ ጠብታ ሆነ። ጠብታዋ ቀይ ሆና በእንጨቱ ወረደች። አማቴን አያለሁ፤ አማቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአስካለ ጋር ያሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ያቺ ጠብታ ይዛው የምትሄድ መሰለኝ።

ዝናቡ ጣሪያውን በአንድ ጊዜ ደበደበው። አስካለ ነቃች።

ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። ጥላሸት ፊቴ ላይ፣ ማራገቢያ በእጄ፣ ትሪ በሌላው እጄ።

"ታደሰ" አለች በቀጭን ድምፅ፣ "ምን ሆነሃል?"

"ፖምሽን አመጣሁ።"

ትሪውን አየች። "ይህ ፖም ነው?"

"ኮክ ነው። ግን... ልብሱ የፖም ነው።"

እጇን ዘረጋች። እንጨቱን አብሬ ያዝኩላት። አማቴ እንደ ልማዳቸው የምታስመልስበትን ሳህን አገጯ ሥር ደቀኑ። አይ ፋጡማ ደፍ ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አስካለ አፏን ከፈተች። ነከሰች። ቀጭ አለ። የኮኩ ጭማቂ በአገጯ ወረደ። አኘከች። ቆም አለች። ዋጠች።

ጠበቅን። አማቴ ሳህኑን ይበልጥ አስጠጉ። አስካለ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጉሮሮዋ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። አለቀ፣ ሊወጣ ነው አልኩ። ዓይኗን ገለጠች። እንደገና ነከሰች። እንደገና። ድንጋዩ ፍሬ እስኪቀር ጋጠችው፤ ከዚያ ድንጋዩን ከአፏ አውጥታ ትሪው ላይ ጣለችና፦

"ሌላ አለ?" አለች።

አማቴ ሳህኑን ወርውረው እልልታቸውን አቀለጡት። አይ ፋጡማ "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" እያሉ ያለቅሳሉ። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ድስቱን የጠረጠሩ፣ አንዷ የተጠረጠረባቸው፣ ተቃቅፈው ይወዛወዛሉ። እኔ? እኔ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። እፎይ! ከዚያ ቀን በፊት እፎይ የሚለውን ቃል እናገረው ነበር እንጂ አላውቀውም።

ሦስት በላች። ማምሻውን አማቴ "እስቲ ይህን ቅመሽ" ብለው ገንፎ ሲያቀርቡላት ያለ ልመና ጎረሰች። በማግሥቱ ጠዋት ጠመንጃዬን ሳነሳ ጠራችኝና እጄን ሆዷ ላይ አደረገች። ከውስጥ አንድ ነገር መዳፌን ገፋኝ። ሥራ አረፈድኩ፤ አለቃዬ ሲቆጣኝ ስስቅበት ዋልኩ።

በኅዳር ሴት ልጅ ወለድን። አማቴ ለሴት ልጅ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ እልል አሉ፤ አይ ፋጡማ በመሹለኪያው ጮኸው "ጨምሩ፣ ጨምሩ! ይቺስ እንደ ወንድ ሰባት ይገባታል!" አሉ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ኮክ አበላኋት፣ ዳነች ብዬ ስፎክር እኖር ነበር። ሰፈሩን ሁሉ አሰልችቼ ነበርና! ልጅቷ ክርስትና በተነሳች ቀን፣ እንግዳው ሄዶ ሁለታችን ስንቀር፣ እንደ ልማዴ ስለዚያ ኮክ ማውራት ጀመርኩ። አስካለ ልጇን እያጠባች ሰማችኝ ሰማችኝና፦

"ያ ፖም እኮ አምሮኝ አልነበረም" አለች።

"ምን?"

"ምንም አላማረኝም ነበር። የማይገኝ ነገር ነው የጠራሁት። ያን ካላመጡ ይተዉኛል ብዬ ነው። ሁለቱን ጊዜ በደንብ በላሁ፣ ጠበቅኋቸው፣ ስም አወጣሁላቸው፤ ሄዱ። ይህንንም መጠበቅ ፈራሁ። ከበላሁ እጠብቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልበላም አልኩ። አንተም ጠመንጃህን አንግተህ ትወጣለህ፣ ትገባለህ። የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።"

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁህ" አለች። "ስኳሩን በማርያም ስትይዘው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እማዬ እንዳትሰማ ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሁለቱን ጠራሃቸው። ያኔ አለቀስኩ። ሳለቅስ ደከመኝና ተኛሁ፤ ስነቃ ራበኝ። አምሮት አይደለም፣ ረሃብ ነው። ድንጋይም ብትሰጠኝ እበላ ነበር።"

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያን ሁሉ ስለማመጠው የዋልኩት ስኳር ምንም አልሠራልኝም። የሠራው ሳላውቅ ያመለጠኝ አፌ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው ላለማስፈራራት ብሎ ፍርሃቱን ይደብቃል፤ ወንድነትም ይመስለዋል። ያ የተደበቀበት ሰው ግን በዚያኛው ጎን ብቻውን ይፈራል። እኔ ይህን ያወቅሁት በጥላሸት ተለውሼ ነው፤ እናንተ ባትለወሱም ይበቃችኋል። ማጀት ግን ግቡ፣ ምንም አትሆኑም። እኔ ከዚያ ወዲያ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ የበሩ ባልደረቦቼ ሰምተው ስም አውጥተውልኛል፣ አልነግራችሁም።

ልጅቷ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር አስካለ እንደገና ፀነሰች። የነገረችኝ ማታ ገበታ ቀርቦ ነው። እጄን ታጥቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ሳልዞር፣ "አስኩ፣ እኔ ፈርቻለሁ" አልኳት።

"እኔም" አለች።

ከዚያ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኳት፤ እራታችንን በላን።